ያቁትን ፍለጋ

ሰውየው «ሀብሺ» ሲለኝ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፤ ደስ አለኝ። ከአገሬ ከወጣሁ አምስት ወር ሆኖኝ ነበር። በነዚያ አምስት ወራት ውስጥ ከናይጄሪያ ነህ፣ ከኬንያ ነህ፣ አንዴማ ከጃማይካ ነህ ተብያለሁ። ኢትዮጵያ ስላቸው ብዙዎቹ በትሕትና ራሳቸውን ግራና ቀኝ ይወዘውዙና ሌላ ወሬ ይጀምራሉ። እና ባቡር ውስጥ፣ ከፊት ለፊቴ ከተቀመጡት አራት ጎረምሶች አንዱ በአገጩ እያመለከተኝ «ሀብሺ» ሲል፣ የሰፈሬ ሰው በስሜ የጠራኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ብድግ ብዬ «አዎ! ሀበሻ! እንዴት አወቅህ?» አልኩት፤ ደረቴንም መታ መታ አደረግሁ። ጎረምሶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና በሳቅ ፈረሱ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

ዘመኑ 2005 ዓ.ም. ነው። ፑኔ በምትባለው የምዕራብ ሕንድ ከተማ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ እማር ነበር። ኅዳር ሲገባ፣ ሕንዶች ዲዋሊ የሚሉት የመብራት በዓል ደረሰና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ሻንጣቸውን እየሸከፉ ወደየቤታቸው ሄዱ። ዴልሂን አላውቃትም፤ ዴልሂ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰውም የለም። ግን ሕንድ ድረስ ሄዶ ዋና ከተማዋን ሳያዩ መመለስ ቤት ድረስ ሄዶ ከደጃፍ እንደመመለስ ሆኖ ታየኝ። ስለዚህ ጄለም ኤክስፕረስ በሚባለው ባቡር፣ ማቀዝቀዣ በሌለው የመኝታ ፉርጎ፣ ቲኬት ቆረጥኩ።

ባቡሩ ከፑኔ ተነሥቶ እስከ ሰሜን ጫፍ፣ እስከ ጃሙ ድረስ የሚሄድ ነው። እስከ ዴልሂ ያለው መንገድ ብቻ ከ1,500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አመሻሽ ላይ ይነሣል፣ ሌሊቱን ያድራል፣ በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ይውላል፤ ማታ ዴልሂ ይገባል። ስለ ሕንድ ባቡር ብዙ ተጽፏልና አላደክማችሁም። ሦስት ደርብ አልጋ፣ በመስታወት ፈንታ የብረት ፍርግርግ ያለው መስኮት፣ በየጣቢያው «ቻይ፣ ቻይ!» እያለ የሚያልፍ ሻይ ሻጭ፣ ስንቁን በጋዜጣ ጠቅልሎ የያዘ መንገደኛ። በድሮው ባቡር ከለገሃር እስከ ድሬዳዋ የሄደ ሰው ነገሩን ሳይነገረው ይረዳዋል።

በመስኮቱ በኩል አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። በኋላ እንደነገሩኝ በግዋሊዮር ከተማ ለሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ፑኔ ያለችውን ልጃቸውን ጠይቀው ለዲዋሊ ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነው። ጎረምሶቹ ወደ በሩ ነፋስ ሊቀበሉ ሲሄዱ ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ምን እንዳሉህ ገብቶሃል?»

«ሀበሻ ነው ያሉኝ። የአገሬን ሰው ስም ነው የጠሩት» አልኳቸው።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «አይደለም» አሉኝ። «የአገር ስም እንደነበረ እነዚህ ልጆች አያውቁም። ዛሬ እዚህ አገር ጥቁር ሰው መስደቢያ ነው።»

ፊቴ ጋለ። ያንገበገበኝ ስድቡ አልነበረም፤ አብሬ መሳቄ፣ ደረቴን መምታቴ ነው። ቂሜን ይዤ ጥቂት ከቆየሁ በኋላ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። እኛስ? እኛ ቤት «ባሪያ» የሚለው ቃል ማን ላይ ይወረወራል? ልጅ ሆነን፣ የሰፈራችን ልጅ መልኩ ጠቆር፣ አፍንጫው ደፈጥ ስላለ ብቻ ምን እያልን ነበር የምንጠራው? እሱስ አብሮን ይስቅ አልነበረም? እዚያ ላይ አፌ ተያዘ።

መምህሩ ዝምታዬን በኀዘን ተረጎሙት መሰለኝ ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። «አትዘን። በዚህ ቃል ስም ዴልሂ የገባህ የመጀመሪያው ሰው አይደለህም። ከሰባት መቶ ሰባ ዓመት በፊት ያቁት የሚባል የአገርህ ሰው ዴልሂ ውስጥ ትልቅ ሰው ሆኖ ነበር። ሹመቱን የጠሉ ሰዎች ገደሉት» አሉኝና ታሪኩን በአጭሩ አወጉኝ። እኔም እዚያው ቁጭ ባልኩበት የጉዞዬን ዕቅድ ለወጥኩ። ቀይ ግንብ፣ ታላቁ ገበያ፣ የእንግሊዞቹ አደባባይ ይቆዩኝ። ያቁትን ፍለጋ ነው የምሄደው።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የሕንድ ታሪክ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

*

ከምሽቱ 3 ሰዓት ግድም አህመድናጋር ደረስን። መምህሩ በፍርግርጉ በኩል ወደ ጨለማው አመለከቱኝ። «ይኼ ደግሞ የማሊክ አምባር አገር ነው።» ከጣቢያው መብራት በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ስለ አምባር የማውቀውም ከስሙ አያልፍም ነበር። ኋላ ፑኔ ተመልሼ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሳነብ ነው ያን ሌሊት በየት በኩል እንዳለፍኩ የገባኝ።

አምባር በ1548 ግድም ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ። በልጅነቱ ተሸጠ። ሞካ ወደብ ተወሰደ፣ ባግዳድ ተወሰደ፤ በመጨረሻ ደካን በሚባለው የደቡብ ሕንድ ደጋ፣ የአህመድናጋር መንግሥት ዋና ሚኒስትር የነበረው ቸንጊዝ ኻን ገዛው። ያ ሚኒስትር ራሱ ከሀበሻ ባሮች የወጣ ሰው ነው። ጌታው ሲሞት አምባር ነጻ ሰው ሆነ፤ ወታደር ሆነ፤ ፈረሰኞች ሰበሰበ። በ1600 የዴልሂና የአግራ ጌቶች፣ ሙጋሎቹ፣ የአህመድናጋርን ምሽግ ሲይዙ መንግሥቱ አበቃለት ተብሎ ነበር። አምባር ግን ከንጉሡ ዘር አንዱን አነገሠና ሩብ ምዕት ዓመት ተዋጋቸው። ስልቱ እኛ ዘንድ ለአርበኛ ታሪክ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ቀላል ፈረሰኛ፣ የሌሊት አደጋ፣ የስንቅ መንገድ መቁረጥ። በ1610 ኻድኪ የምትባል ከተማ ቆረቆረ፤ ውኃ ከተራራ በመሬት ውስጥ ቦይ ስቦ አመጣላት። ከተማዋ ከሱ በኋላ ፋተህናጋር፣ ቀጥሎ አውራንጋባድ ተባለች፤ በ2023 ደግሞ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ሆናለች። አህመድናጋርም ብትሆን በ2024 አሂልያናጋር ተብላለች፤ ስም መቀየር የእኛ አገር በሽታ ብቻ አለመሆኑን ልብ ይሏል። በ1624 አምባር ከአህመድናጋር አጠገብ ባትቫዲ ላይ የሙጋሎችንና የቢጃፑርን ጦር አንድ ላይ ድል ነሣ።

ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር በዚህ ሰው ሳቢያ እንቅልፍ አጥቷል። በገዛ እጁ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ አምባርን ፊቱ የጠቆረ እያለ ነው የሚያነሣው። በጦር ሜዳ ያላገኘውን ድል በሥዕል አገኘው። የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ አቡል ሐሰን በሠራው ሥዕል ላይ ጃሃንጊር በምድር ሉል ላይ ቆሞ፣ በጦር ጫፍ የተሰካውን የአምባርን ራስ በቀስት ይነድፋል። ሥዕሉ ዛሬ ደብሊን ከተማ፣ ቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ያ ራስ ግን ከአንገቱ ተለይቶ አያውቅም። አምባር በ1626 በሰማንያ ዓመቱ ግድም በአልጋው ላይ ሞተ፤ ጃሃንጊር በዓመቱ ተከተለው። የሚገርመው፣ የጃሃንጊር የራሱ ታሪክ ጸሐፊ ሙተሚድ ኻን የአምባርን ሞት ሲመዘግብ፣ በጦር አመራርና በአስተዳደር ወደር ያልነበረው ሰው ብሎ አወድሶታል።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ባቡሬ ልመለስ። አምባር የዕቃ ስም ነው፤ ከባሕር የሚገኝ ውድ መዓዛ። ያቁት ደግሞ በዐረብኛ ቀይ ዕንቁ ማለት ነው። ባሪያ ነጋዴዎች ለሚሸጡት ሰው እንዲህ ያለ የጌጥና የሽቶ ስም ማውጣት ልማዳቸው ነበር። የአምባርን የልጅነት ስም በዘመኑ ያገኘው አንድ የሆላንድ ነጋዴ «ቻፑ» ብሎ መዝግቦታል፤ ከየትኛው ቋንቋችን እንደሆነ እናንተው ገምቱ። የያቁትን ማንም አልመዘገበውም። ወደብ ድረስ ያወረዷቸውም ባሕር ማዶኞች ብቻ አልነበሩም። የባሪያ ንግድ የእኛም ሰው ንግድ ነበር፤ ባርነት አገራችን ውስጥ በሕግ የቀረው በ1942፣ በእኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. ነው።

*

ሌሊቱን ቡርሃንፑርን ተኝቼ አለፍኳት። ሙጋሎቹ በአምባር ላይ ሲዘምቱ የሚሰፍሩባት ከተማ ነበረች። ስነቃ ሜዳ ነው፤ ሜዳው አያልቅም። ጎረምሶቹ ብስኩት ጋበዙኝ። ተቀበልኩ። ምን ላድርግ? አንድ ፉርጎ ውስጥ ነን፤ ዴልሂ ገና ናት።

ከሰዓት በኋላ ግዋሊዮር ስንደርስ መምህሩ ሻንጣቸውን አነሡ። እግራቸውን ነካ አድርጌ ተሰናበትኳቸው፤ በአገራቸው ሽማግሌ የሚከበረው እንዲያ ነው። እሳቸውም ራሴ ላይ እጃቸውን ጫኑ። በር ላይ ሆነው ዞር አሉና «በዚህ በኛም አገር የአንተ አገር ሰው ገዥ ነበር። ኢብን ባቱታን አንብብ» ብለው ወረዱ።

አነበብኩ። ሞሮኳዊው መንገደኛ ኢብን ባቱታ በአሥራ አራተኛው ምዕት ዓመት ከዴልሂ ወደ ደቡብ ሲወርድ፣ ግዋሊዮር አጠገብ አላፑር የምትባል ከተማ ላይ በድር የሚባል ሀበሻ ገዥ እንደነበር ይተርካል። የሡልጣኑ ባሪያ ነው፤ ጀግንነቱ ምሳሌ የሚነገርለት ነው። ቁመቱ ረጅም፣ ሰውነቱ ግዙፍ። በአንድ ማዕድ አንድ ሙሉ በግ ይጨርሳል፤ ከምግቡ በኋላ ደግሞ የአገሩ ልማድ ነው እያለ የቀለጠ ቅቤ ይጠጣል። ይህን ሳነብ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ስለ ሌላው ነገር ኢብን ባቱታን ልንጠራጠረው እንችላለን፤ ስለ ቅቤው ግን የምስክርነት ቃሌን እሰጣለሁ።

ዴልሂ የገባነው ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎ ነው። የዲዋሊ ሌሊት ነበር። ርችቱ ከየጣራው ይተኮሳል፤ ጭሱ መንገዱን ሸፍኖታል፤ በየደጃፉ የሸክላ ኩራዝ ተደርድሮ ይነዳል። ከጣቢያው ወጥቼ በዚያ ተኩስ መሃል ስቆም፣ ከተማዋ በእንግዳ ላይ ጦርነት የከፈተች ነው የመሰለኝ። ጣቢያው አጠገብ ካሉት ርካሽ ሆቴሎች አንዱ ውስጥ፣ መስኮት የሌላት ክፍል ተከራይቼ ተኛሁ።

*

በማግሥቱ ጧት በሜትሮ ባቡር ወደ ደቡብ ሄድኩ። ዴልሂ አንድ ከተማ አይደለችም፤ የብዙ ነገሥታት ከተሞች ድርድር ናት። እንግሊዞች ዋና ከተማቸውን ከካልካታ ወደዚህ እንደሚያዛውሩ በ1911 አውጀው፣ በ1931 የመረቁት ሰፊ ጎዳና ያለው አዲሱ ክፍል የቅርብ ጊዜው ነው። ሻህ ጃሃን በአሥራ ሰባተኛው ምዕት ዓመት ያሠራው ባለ ቀይ ግንቡ ክፍል ዛሬ አሮጌ ዴልሂ ይባላል። የያቁት ዴልሂ ግን ከሁለቱም ትቀድማለች። በደቡብ ዳርቻ፣ ሜሕራውሊ ሰፈር ነው ያለችው።

እዚያ ቁጡብ ሚናር የሚባለው ግንብ ቆሟል። ቁመቱ ከ72 ሜትር ይበልጣል፤ ቀና ብለው ሲያዩት አንገት ያማል። የመጀመሪያውን ደርብ በአሥራ ሁለተኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ ላይ ያስጀመረው ቁጡብ አልዲን አይባክ ነው፤ በኋላ የነገሠው ኢልቱትሚሽ ሦስት ደርብ ጨመረበት። አምስት ደርብ የሆነው ከመብረቅ አደጋ በኋላ ሲጠገን ስለሆነ፣ ያቁት ያየው ባለ አራቱን ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን ቁመቱ አልነበረም። በሩ አጠገብ የተተከለውን ሰሌዳ ሳነብ ነው ቆሜ የቀረሁት። አይባክ ባሪያ ነበር። ኢልቱትሚሽም ባሪያ ነበር፤ አይባክ የገዛው ባሪያ። የታሪክ መጻሕፍት ዘመናቸውን የባሮች ሥርወ መንግሥት ይሉታል። ዙሪያቸውን የከበቡት፣ «አርባዎቹ» የሚባሉት የቱርክ መኳንንትም በገንዘብ የተገዙ ባሮች ነበሩ።

እንግዲህ ይህን ይዘን ወደ ያቁት እንምጣ።

ኢልቱትሚሽ በ1236 ሞተ። አልጋውን ያሰበው ለሴት ልጁ ለራዚያ ነበር፤ መኳንንቱ ግን ወንድ ልጁን አነገሡ። ልጁ ለመጠጥና ለጨዋታ ያደረ ሰው ሆነ። ከሰባት ወር ያነሰ ጊዜ እንኳ ሳይሞላ የዴልሂ ሕዝብ አወረደውና ራዚያ ነገሠች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሴት ልብሷን ትታ የወንድ ቀሚስና ቆብ አደረገች፤ ፊቷን ገልጣ በዝሆን ላይ ሆና በአደባባይ ታየች። ከዚያ ጃማል አልዲን ያቁት የሚባለውን ሀበሻ የፈረሶች ጋጣ አለቃ አድርጋ ሾመችው። የፋርሱ ማዕረግ አሚረ አኹር ይባላል፤ እኛ ባልደራስ የምንለው መሆኑ ነው። ሹመቱ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ፈረስ የዚያ ዘመን ታንክ ነው፤ ንግሥቲቱ ስትወጣና ስትገባ አጠገቧ የሚቆመውም ባልደራሱ ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው ቦታ የቱርኮች ነበር።

መኳንንቱ ተቆጡ። በ1240 ራዚያ በአንድ አመፀኛ አገረ ገዥ ላይ ዘምታ ወደ ባቲንዳ ስትሄድ፣ የገዛ አዛዦቿ መንገድ ላይ ከዷት። ያቁትን ገደሉት፤ እሷን አሰሩ። አሳሪዋ አልቱኒያ በኋላ አግብቷት ዙፋኗን ሊያስመልስ አብሯት ቢዘምትም ተሸነፉ፤ በዚያው ዓመት ካይታል አጠገብ ተገደለች።

ልብ በሉ፤ ያቁትን ባሪያ ነው ብለው አልናቁትም። ገዳዮቹም ባሮች ነበሩ፤ የነገሡትም ባሮች ነበሩ። በዚያ ቤተ መንግሥት ባርነት የሹመት መንገድ እንጂ ነውር አልነበረም። የያቁት ጥፋት የእነሱ ዓይነት ባሪያ አለመሆኑ ነው። ትናንት ገበያ ላይ የተሸጠ ሰው ዛሬ ከሱ የጠቆረውን ከሹመት ያባርራል። የኢልቱትሚሽ መቃብር አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ይህን ሳወጣ ሳወርድ፣ የባቡሩ ጎረምሳም፣ የልጅነት ሰፈሬም አብረው መጡብኝ።

የፍቅሩ ታሪክ ከየት መጣ? በዘመኑ የነበረው፣ ራዚያንም የሚያውቃት ታሪክ ጸሐፊ ሚንሃጅ ያቁት ባለሟል መሆኑንና መኳንንቱ መቅናታቸውን ጻፈ፤ ስለ ፍቅር አንድም ቃል አልጻፈም። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን ገጣሚው ኢሳሚ ፈረስ ላይ ሲያወጣት በብብቷ ይዞ ነበር አለ፤ ኢብን ባቱታም በሐበሻ ባሪያዋ ታማች ብሎ ደገመው። ሴት ንግሥትና ጥቁር ባለሟል፤ ሐሜት ከዚህ የተሻለ ማሳ አያገኝም። ገዳዮቹ ወንጀላቸውን ሐሜቱ አጸዳላቸው። ከሞቱ ከ743 ዓመት በኋላ፣ በ1983፣ ካማል አምሮሂ «ራዚያ ሱልጣን» የተባለውን ፊልም ሠራ። ራዚያን የተጫወተችው ሄማ ማሊኒ ናት። ያቁትን ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዳርሜንድራ! የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ተመልካች በጡንቻው የሚያውቀው ዳርሜንድራ፣ ፊቱን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ።

*

በሦስተኛው ቀን መቃብሯን ፍለጋ አሮጌ ዴልሂ ገባሁ። መቃብርዋ እኛ ዘንድ ነው የሚሉ ከተሞች ሌሎችም አሉ፤ የዴልሂው ቱርክማን በር ከሚባለው አሮጌ የከተማ በር አጠገብ ነው። ቻውሪ ባዛር ከሚባለው የሜትሮ ጣቢያ ወጥቼ «ራዚያ ሱልጣን?» እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። አንዱ ወደ ግራ ይሰደኛል፤ ሌላው ከግራ ወደመጣሁበት ይመልሰኛል። መንገዱ እየጠበበ ሄዶ ሁለት ሰው የማያሳልፍ ሆነ። ከላይ የኤሌክትሪክ ገመድ ሰማዩን ሸፍኖታል፤ ከታች ፍየል ታስሯል፤ ከጎን የሥጋ ጥብስ ይጤሳል። በመጨረሻ አንድ ልጅ እጄን ይዞ ወሰደኝ።

ጣራ የለውም፤ ጉልላት የለውም። በአራት ወገን ፎቅ ቤቶች የከበቡት ጠባብ ግቢ ነው። መሃሉ ላይ ሻካራ ድንጋይ የተደረደረባቸው ሁለት መቃብሮች። አንደኛው የራዚያ፣ ሁለተኛው የእኅቷ ነው ይባላል። ዴልሂን በገዛ ስሟ የገዛች ብቸኛዋ ሴት ሡልጣን እዚህ ናት፤ ከፎቁ ላይ የተሰጣ ልብስ ውኃው ጠብ ጠብ ይልባታል።

በግቢው ጥግ ነጭ ቆብ ያደረጉ አዛውንት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከየት መጣህ አሉኝ። የባቡሩን ነገር አስታውሼ አመነታሁ። «ኢትዮጵያ» ብላቸው አልገባቸውም። ኋላ በቃ ይሁን ብዬ «ሀበሽ» አልኳቸው።

ሽማግሌው ከምንጣፋቸው ብድግ አሉ። «ሀበሽ! የቢላል አገር! ቢላል ሀብሺ!» ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ቢላል፣ በእስልምና የመጀመሪያው ሙአዚን፣ ወደ ሶላት የሚጠራው ሀበሻ። ያው ቃል ነው፤ ባቡር ውስጥ የሳቁበት ቃል። ጎናቸው አስቀመጡኝ፤ ልጁን ሻይ ላኩት።

በተሰባበረችው ሕንድኛዬ ያቁት የት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። «ያቁት?» ብለው ጥቂት አሰቡና ፊታቸው በራ። «ዳርሜንድራ!» ሁለታችንም ሳቅን። መቃብሩ እዚህ እንደሌለ ነገሩኝ፤ ዝም ብዬ ቁጭ ማለቴን ሲያዩ ግን፣ ዱዓ መቃብር አይፈልግም፣ ከፈለግህ አደርግለታለሁ አሉኝ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ቢሆንም እሺ አልኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው ሊጀምሩ ሲሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«የአባቱ ስም ማን ነው?»

«አላውቅም» አልኳቸው።

«እንግዲያው የአብዱላህ ልጅ ይሁን። አባቱ ለማይታወቅ እንዲያ ነው የምንለው» አሉና ዱዓቸውን ጀመሩ። ልጁ ሻዩን ይዞ መጥቶ፣ እስኪጨርሱ ድረስ ብርጭቆዎቹን በሁለት እጁ እንደያዘ በር ላይ ቆመ።